ዩራኒየም በወረኢሉ፦ ከወሬ በፊት ጥናት፣ ከውል በፊት ዕውቀት

አንድ ሕዝብ የተፈጥሮ ሀብቱ ባለቤት መሆኑ በሕግ አንቀጽ ከመስፈሩ በፊት በራሱ ንቃተ ሕሊና ውስጥ መስፈር ይኖርበታል። ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ፣ ያለውም ምን ያህል እንደሆነና ለምን እንደሚውል የማያውቅ ሕዝብ በወረቀት ላይ ባለሀብት ቢባልም በተግባር የሌላ ወገን ንብረት ዘበኛ ከመሆን አያልፍም። ይህ ለወርቅም፣ ለድንጋይ ከሰልም፣ ለኦፓልም የሚሠራ እውነት ነው። ይበልጡን የሚሠራው ግን ስሙ ሲጠራ ገና ግማሹን ሰው በጉጉት፣ ግማሹን በሥጋት ለሚሞላው ማዕድን፣ ለዩራኒየም ነው።

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም በተዘረጋው አገር ሥር የሚገኙት ደለል ዐለቶች ዩራኒየም ይኖራቸው ይሆን? አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ተቆፍሮና ተለክቶ ይህን ያህል ቶን ተብሎ የተመዘገበ ክምችት በአካባቢው የለም። ይሁን እንጂ በሌሎች አገሮች ዩራኒየም ከተገኘባቸው ዐለቶች ጋር በአፈጣጠርም በዕድሜም የሚቀራረቡ ዐለቶች አሉ። «አለ» በሚለውና «ሊኖር ይችላል» በሚለው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ የሚሸፈነውም በጥናት ብቻ ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ወሬኛውና ደላላው እንደልባቸው ሲፈነጩ፣ የቀበሌው ነዋሪና ሠራተኛው ግን ጉዳዩ የሊቃውንት ነው ተብሎ ከደጅ እንዲቀሩ ተደርጓል። ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ፣ ማለትም ከድንጋዩ መጀመር ይበጃል።

የወረኢሉ ደጋ በሰሜን በበሽሎ፣ በምዕራብ በዓባይ፣ በደቡብ በወንጪትና በጀማ ሸለቆዎች ተቆርጦ የቆመ ሰገነት ነው። ወለቃም መሐሉን ሰንጥቆ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ገበሬው የሚያርሰው ጥቁር አፈር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቆ የፈሰሰው ባዛልት፣ ማለትም ጥቁሩ ድንጋይ፣ ሲበሰብስ የተፈጠረ ነው። ይህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዓባይ ተፋሰስ ከ500 እስከ 2000 ሜትር ውፍረት አለው። ከደጋው ተነሥቶ በቅሎውን እየጎተተ ወደ ቆላው የሚወርድ መንገደኛ ጥቁሩን ድንጋይ ጨርሶ ወደ ነጭ፣ ወደ ቀይና ወደ ግራጫ ድንጋይ ሲገባ፣ ሳያውቀው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ ተጉዟል ማለት ነው። በመጀመሪያ የሚያገኘው የደብረ ሊባኖስ የሚባለውን የአሸዋ ድንጋይ ነው። ቀጥሎ የሙገር የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰምና ሼል የተነባበሩበት የጎሐ ጽዮን ዐለት ይመጣል። በስተመጨረሻ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ከእርሱም ሥር በአንዳንድ ቦታ ካሩ የሚባለው ይበልጥ ጥንታዊ ደለል ይገኛል። የደለሉ ጠቅላላ ውፍረት በዓባይ ሸለቆ ወደ 1400 ሜትር ይደርሳል። የሙገር ሲሚንቶ ሠራተኛ በየቀኑ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ የዚሁ የአንታሎ ንጣፍ ወገን ስለሆነ፣ ከአካባቢው የራቀው አንባቢም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። «አዲግራት»፣ «አንታሎ»፣ እንዲሁም ከላይ ላለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሰጡት «አሸንጌ» እና «መቅደላ» የሚሉት ስያሜዎች ወደ ሳይንስ መዝገብ የገቡት ዊልያም ብላንፎርድ በተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሊቅ አማካይነት ነው። ብላንፎርድ ወደ አገራችን የመጣው በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር ነበር። በአንድ በኩል መድፉ በዝሆን ጀርባ ተጭኖ ተራራውን ሲወጣ፣ በሌላ በኩል መዶሻና ማስታወሻ ደብተር የያዘው ሰው የተራራውን ንጣፍ ይመዘግብ ነበር። ጦሩ በድሉ ማግሥት ተመለሰ፤ ማስታወሻውም አብሮ ሄዶ በእንግሊዝ አገር መጽሐፍ ሆነ። ብላንፎርድ መጥፎ ሳይንቲስት ነበር ማለታችን አይደለም፤ ስያሜዎቹ እስከ ዛሬ የቆዩት በትክክል ስላየ ነው። ነገር ግን የገዛ ድንጋያችንን የመጀመሪያ መዝገብ የያዘው ወራሪ ጦር የነበረ መሆኑ የኢምፔሪያሊዝምን አሠራር ከብዙ ንግግር በላይ ያስረዳል። በአንጻሩ «ጎሐ ጽዮን» የሚለውን ንጣፍ ለይቶ ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ምሁር ጌታነህ አሰፋ ነው። ከብላንፎርድ እስከ ጌታነህ ያለው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ ዕውቀት ወደ ባለቤቱ ለመመለስ የወሰደበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዩራኒየሙ እንለፍ። በአንድ ቶን ተራ ድንጋይ ውስጥ በአማካይ 3 ግራም ያህል ዩራኒየም አለ። በየትኛውም ጓሮ ይገኛል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «ዩራኒየም ተገኘ» የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ለሥራ የሚበቃው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቶን ከግማሽ ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ግራም ሲኖረው ነው። እንግዲህ ተፈጥሮ ያንን የተበተነ ግራም ሰብስባ ኪሎ ማድረግ ይኖርባታል። የምትሰበስበውም በውሃ ነው። ዩራኒየም መንገደኛ ማዕድን ነው፤ ኦክስጅን ያለበት የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኘው ይሟሟና በአሸዋ ድንጋዩ ቀዳዳ እየሰረገ አብሮ ይጓዛል። ኦክስጅን የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ ግን፣ ማለትም የበሰበሰ ዕፅዋት፣ የከሰል ስባሪ፣ የድኝ ጋዝ ወይም የነዳጅ ዘይት ባለበት፣ ውሃውን ትቶ በዐለቱ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሂደት ለሺህ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ክምችት ይፈጠራል። መጠን ወደ ጥራት የሚለወጥበትን ሕግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በተፈጥሮ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ አኳያ የወረኢሉን ዐለቶች ስንመረምር ለተስፋም ለጥርጣሬም የሚሆን ነገር እናገኛለን። ተስፋ የሚሰጠው ትልቁ ምልክት ከመሬት ሥር ራሱ ይመነጫል። በወረኢሉ አካባቢ የነዳጅ ዘይት ፍንጣቂ ከመሬት ሥር እንደሚወጣ በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያነሣው ስለ ነዳጅ ሲወራ ብቻ ነው። ለዩራኒየም ፈላጊ ግን ዘይቱ ከዋጋው ይልቅ በጠባዩ ይጠቅማል፤ ኦክስጅን ያለበትን ውሃ ኦክስጅኑን የሚነጥቅ፣ መንገደኛውን ማዕድን የሚያስቆም ኬላ ነውና። በጋቦን ኦክሎ በተባለው ቦታ ዩራኒየም በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የተከማቸው ከጥንታዊ ዘይት ቅሪት ጋር ነው። እዚያ ክምችቱ እጅግ ከመበልጸጉ የተነሣ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለ ሰው እጅ የአቶም ምድጃ ሆኖ ነዷል፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሌላው ምልክት የሙገር የጭቃ ድንጋይ ነው። ይህ ንጣፍ ባሕሩ ከአገራችን ከሸሸ በኋላ ወንዞች የጣሉት ጭቃና አሸዋ ሲሆን፣ በአሜሪካ በኮሎራዶ አምባ ብዙ ዩራኒየም ከተቆፈረበት የሞሪሰን ዐለት ጋር በዕድሜ ይቀራረባል፤ ያም የወንዝ ደለል ነው። ከሥር ያለው የካሩ ደለል ደግሞ በማላዊ ካየለኬራ፣ በታንዛኒያም ምኩጁ ወንዝ አካባቢ ዩራኒየም የተገኘበት ወገን ነው።

ጥርጣሬውም ቀላል አይደለም። ደጋውን የሸፈነው ባዛልት በአንድ ቶን ከአንድ ግራም ያነሰ ዩራኒየም ስለሚይዝ ደካማ ምንጭ ነው። የተሻለ ምንጭ ሊሆን የሚችለው ከባዛልቱ ጋር ተነባብሮ የሚገኘው ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በደላንታ ወጣቶች ሕይወታቸውን አስይዘው ገደል እየፈለፈሉ ኦፓል የሚያወጡት ከዚሁ ዓይነት ዐለት ነው። ኦፓሉ የተፈጠረው ውሃ የአመዱን ብርጭቆ አሟሙቶ ሲሊካውን በማንቀሳቀሱ ነው፤ ሲሊካን ያንቀሳቀሰ ውሃ ዩራኒየምንም ማንቀሳቀሱ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ያ ውሃ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ባዛልት አልፎ ከሥር ወዳለው የአሸዋ ድንጋይ ደርሷል ወይ የሚለው ገና መልስ ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ አብዛኛው የአሸዋ ድንጋያችን ቀይ ነው። ቀዩ ቀለም የብረት ዝገት ነው፤ ዝገት ባለበት ኦክስጅን አለ፤ ኦክስጅን ባለበት ደግሞ ዩራኒየም ሳይቆም ያልፋል። ስለዚህ የሚፈለገው ቀዩ ድንጋይ ወደ ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚለወጥበት ድንበር ነው። ይህን ድንበር ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ፍየል የሚጠብቅ ልጅም ያየዋል። በእኔ ግምት የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ከሁሉም ያነሰ ተስፋ አለው፤ የሙገር ንጣፍና ዘይቱ ያለፈባቸው የአሸዋ ድንጋዮች ግን ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

እንዴት ይመረመሩ? በዚህ ላይ የተሳሳተ እምነት ተስፋፍቷል። አውሮፕላን መሣሪያ ጭኖ ቢዞር፣ ወይም ሳተላይት ከሰማይ ቢመለከት፣ ከመሬት በታች ያለው ሁሉ የሚገለጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የዩራኒየም ጨረር ግን ግማሽ ሜትር ያህል ድንጋይ ይበቃዋል፤ ከዚያ በታች ያለው ለመሣሪያው እንደሌለ ነው። በወረኢሉ ሜዳ ላይ የሚበር አውሮፕላን የሚለካው ባዛልቱንና የጤፉን ማሳ ነው። ደለሎቹ ራቁታቸውን የሚታዩት በሸለቆዎቹ ግድግዳ ስለሆነ ባለሙያው በጀማ፣ በወንጪትና በዓባይ ገደል እየወረደ፣ ንጣፍ በንጣፍ፣ የጨረር መለኪያውን በእጁ ይዞ መለካት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭት ምክንያት ይህ ዓይነቱ የመስክ ሥራ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑም የማይካድ ነው።

መሣሪያውም ቢሆን እንዳለ አይታመንም። መለኪያው የሚሰማው በአብዛኛው ዩራኒየሙን ራሱን አይደለም፤ ከእርሱ የተወለዱትን የኋለኛ ልጆቹን ጨረር ነው። ውሃ እናትየውን አጥቦ ወስዶ ልጆቹን ትቶ ከሆነ መለኪያው ባዶውን ቤት ሙሉ ነው ይላል። በተቃራኒው ዩራኒየሙ በቅርብ ጊዜ የመጣ ከሆነና ልጆቹ ገና ካልተወለዱ፣ ሀብቱ እያለ መሣሪያው ዝም ይላል። ስለዚህ ናሙናው በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። ናሙናው የት ይመረመራል? ውጤቱ በማን መዝገብ ይቀመጣል? ሳይንሱ ፖለቲካ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የአፍሪካ ዩራኒየም ታሪክ የዚህ ማስረጃ ነው። በቤልጅግ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ኮንጎ ከሺንኮሎብዌ የወጣው እጅግ የበለጸገ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማን ላጋየው ቦምብ ውሏል፤ ድንጋዩን በእጁ የጫነው ኮንጎአዊ ሠራተኛ ግን ምን እንደሚሸከም አልተነገረውም ነበር። በኒጀር በረሃ አርሊት ላይ ከአሸዋ ድንጋይ ዩራኒየም ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ከተሞች በአመዛኙ በአቶም ኃይል ሲያበሩ፣ ማዕድኑ የወጣበት አገር ሕዝብ አብዛኛው ዛሬም በጨለማ ያመሻል። ከሁለቱ የአርሊት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ኮሚናክ እ.ኤ.አ. በ2021 በሩን ሲዘጋ ለኒጀር የተወላት 20 ሚሊዮን ቶን ያህል ጨረራማ ዝቃጭ ነው። የኒጀር መንግሥት ሁለተኛውን ኩባንያ ሶማይርን የወረሰው ሰኔ 2017 ዓ.ም. ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ከአገር ውስጥም ትምህርት አለን፤ ያውም ከወሎ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነበር። በጣሊያንኛው የሰፈረው ሐሳብ አገሪቱን ጥገኛ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። ያንን የአንድ አንቀጽ ማጭበርበር ለማረም በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት የሸዋ ጦር ወረኢሉ ላይ መክተት፣ ከዚያም አድዋ ድረስ መዝመት ግድ ሆነ። የዛሬው የማዕድን ውልም ሁለት ቋንቋ አለው። አንዱ ሕግ አዋቂ የሚጽፈው አማርኛና እንግሊዝኛ ነው። ሌላው የጉድጓድ ጥልቀት፣ የናሙና ውጤትና የጨረር መጠን የሚጻፍበት የቁጥር ቋንቋ ነው። ይህን ሁለተኛውን ቋንቋ አንደኛው ወገን ብቻ የሚያነበው ከሆነ፣ የመጀመሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ውጫሌ ተደግሟል ማለት ነው። ባዶ የፍለጋ ፈቃድ በሩቅ አገር የአክሲዮን ገበያ ላይ ዋጋ እየጨመረ ሲሸጥ፣ በቦታው ላይ አንድ ጉድጓድ እንኳ ሳይቆፈር የሚከብር ሰው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤትም በ1960 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ተብሏል። የመጀመሪያው የአገሪቱ ሥነ ምድር ካርታ በ1965 ዓ.ም. በሶቪየቱ ባለሙያ ካዝሚን ስም ሲታወቅ፣ በ1988 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው እትም የመንገሻ ተፈራ፣ የታዲዎስ ቸርነትና የወርቅነህ ሃሮ ሥራ ነው። አቅሙ የለንም ማለት እንግዲህ አያዋጣም። የጎደለው አቅሙ በየሸለቆው እንዲደርስ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ሰው አእምሮ የተቀላቀለውን አንድ ጉዳይ መለየት ይገባል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። ከዚህ በመነሣት «ማመንጫው ሲሠራ ነዳጁ ከወረኢሉ ይሆናል» ብሎ መተንበይ ስሕተት ነው። ከተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ በቀላሉ የሚነደው ዓይነት 0.7 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ማዕድኑ ተቆፍሮ፣ ቢጫ ዱቄት ሆኖ፣ ወደ ጋዝ ተለውጦ፣ በልጽጎ፣ በዘንግ ተሞልቶ ነው ምድጃ የሚገባው። ከእነዚህ ደረጃዎች ማዕድን አውጪው አገር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ነው፤ ቀሪውን የሚሠሩት በጣት የሚቆጠሩ መንግሥታት ናቸው። ማመንጫ ያለ ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ ማዕድንም ያለ ማመንጫ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ በየራሳቸው ሚዛን ይመዘኑ።

በማዕድኑ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የሽያጩ ገቢ ብቻ አይደለም። ዩራኒየሙ ተለይቶ ሲወጣ ከጨረሩ 85 ከመቶ ያህሉ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ በውስጡ ያለው ራዲየም ግማሹ ብቻ ለመጥፋት 1600 ዓመት ይፈጅበታል። በዚህ ደጋ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ ጥቁሩ ድንጋይ ከደለሉ ጋር ከሚገናኝበት ወገብ ሊመነጭ ይችላል። ያ ወገብ ማዕድን ፈላጊውም የሚጓጓለት ነው። ከዚያ የሚወርደው ወለቃም ጀማም ዓባይ ይገባሉ። እንግዲህ ክምችት ቢገኝ እንኳ «ይቆፈር ወይስ ይቆይ?» የሚለው ጥያቄ አለ፤ «ይቆይ» ማለትም የባለቤት መብት ነው። ይህን ለማለት ግን በቅድሚያ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ለማወቅ ደግሞ ትልቅ ኩባንያ መጠበቅ አያስፈልግም። በደጋው ላይ ለመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ኖሯል፤ ወደፊትም ይቆፈራል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ከመዘጋቱ በፊት የጨረር መለኪያ በገመድ ቢወርድበት፣ የተቆፈረው ድንጋይ ቅንጣት በየሁለት ሜትሩ በከረጢት ተይዞ ጥልቀቱ ቢጻፍበት፣ ለተጨማሪው ሥራ የሚወጣው ወጪ ከቁፋሮው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ውሃውም ሲመረመር ከጨውና ከፍሎራይድ ጋር ዩራኒየሙ አብሮ ቢለካ፣ ለጤናም ለጥናትም ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 30 ማይክሮ ግራም ነው። በወሎ ውስጥ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ ላይ ቢሠሩ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዛሬ በካርታው ላይ ባዶ የሆነው ቦታ በቁጥር ይሞላል።

የአካባቢው ነዋሪ ድርሻም አለ። የውሃ ቁፋሮ መኪና ወደ ቀበሌው ሲመጣ ነዋሪው ተሰብስቦ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «ውሃው ወጣ ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጥማት አይቀጠርምና። በዚያው ቀን ግን ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ በረድፍ የተከመረው የድንጋይ ዱቄት፣ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ምናልባትም ከዚያ በታች ግራጫ የሆነው፣ በማግሥቱ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። ውሃው ሲከበር ያ ክምር ሳይታጠብ በፊት የሚጽፈው አንድ ሰው ከቀበሌው ይመደብ።